አንድ ቺፕ ወይስ ሁለት? የጌም ግራፊክስ ካርድ ክርክር ከ1998 እስከ ዛሬ

በግራፊክስ ካርድ ዓለም እንደ ባለ ሁለት ቺፑ ካርድ ደጋግሞ ሞቶ ደጋግሞ የተነሣ ሐሳብ ማግኘት ይቸግራል። በ1999 ገበያ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። በ2006 ተመለሰ፤ ከ2008 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በዋጋም በጉልበትም የገበያው ቁንጮ ሆኖ ቆየ። በ2016 አንድ የመጨረሻ ሙከራ ተደረገና ከዚያ ወዲህ ከጌም ገበያ ጠፋ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያሠለጥኑት እጅግ ውድ ቺፖች የሚሠሩት ሁለትና ከዚያ በላይ የሲሊከን ቁራጮችን በማጋጠም ነው። ታዲያ ሐሳቡ ተሸነፈ ወይስ አሸነፈ? ሁለቱንም የሚሉ አሉ። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው፤ ችግሩ የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር አለመሆኑ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ጎንደር ወርዶ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ቦሌና መርካቶ ሰው ልኮ ያገለገለ ዴስክቶፕ የሚያስገዛ ወጣት፣ ጌም እንዲያጫውተው ካርድ ሲጨምርበት የሚያማርጠው ከዓለም ገበያ የተራረፈውን ነው። የትላንቱ ቁንጮ የዛሬ ርካሽ ዕቃ ሆኖ እጁ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የክርክሩን ታሪክ ማወቁ ኪሱን ይመለከታል።

የሚቀላቀሉት ነገሮች

በዚህ ክርክር ውስጥ አራት የተለያዩ ነገሮች እየተቀላቀሉ ይነሣሉ። አንደኛው በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ሙሉ ካርዶችን ማገናኘት ነው፤ ኤንቪዲያ ኤስኤልአይ፣ ኤኤምዲ ክሮስፋየር ይሉት የነበረው። ሁለተኛው እውነተኛው ባለ ሁለት ቺፕ ካርድ ነው፤ ሁለት ቺፕ፣ ሁለት የተለያየ ሜሞሪና በመካከላቸው አገናኝ ቺፕ በአንድ ካርድ ላይ ሰፍረው በአንድ ማስገቢያ የሚሰኩበት። ለሶፍትዌሩ እነዚህ ሁለቱ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው በቦታ፣ በሙቀትና በኃይል አቅርቦት ላይ ነው።

ሦስተኛው ላፕቶፕ ላይ የምናየው ነው። ሻጭ «ሁለት ቪጂኤ አለው» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ከፕሮሰሰሩ ጋር ስለሚመጣው የኢንቴል ግራፊክስና ለብቻው ስለተሠራው የኤንቪዲያ ቺፕ ነው። እነዚህ ተደጋግፈው አንድ ጌም አያሠሩም፤ ባትሪ ለመቆጠብ ይፈራረቃሉ። ኤንቪዲያ ይህን አሠራር በ2010 ኦፕቲመስ ብሎ አስተዋውቆታል። ስለዚህ ከክርክራችን ውጭ ነው። አራተኛው፣ ማለትም ብዙ ቁራጭ ሆኖ ሳለ ለሶፍትዌሩ እንደ አንድ የሚታይ ቺፕ፣ በጣም አዲሱ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መነሻው

በ1998 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ድርጅት ቩዱ 2 ካርዱን ሲያወጣ ሁለቱን በአንድ ኮምፒውተር ማገናኘት ይቻል ነበር። የሥራ ክፍፍሉ ቀላል ነበር፤ አንደኛው ካርድ የስክሪኑን አንድ መስመር ሲስል ሌላው ቀጣዩን ይስላል። የኋለኛው ዘመን ጣጣ ሁሉ ገና አልመጣም፤ ምክንያቱም የዚያ ዘመን ጌም እያንዳንዱን ነጥብ ከጎረቤቱ ነጥሎ ነበር የሚስለው።

በ1999 መጨረሻ ኤቲአይ (በኋላ ኤኤምዲ የገዛው) ሁለት የሬጅ 128 ፕሮ ቺፖችን በአንድ ካርድ ላይ አድርጎ ሬጅ ፊዩሪ ማክስን አወጣ። እዚህ ላይ ለሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ገዥ የሆነው ዘዴ መጣ፤ አንደኛው ቺፕ 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን ፍሬም (አንድ ሙሉ የስክሪን ምስል) ሲሠራ ሌላው 2ኛውን፣ 4ኛውንና 6ኛውን ይሠራል። ካርዱ 64 ሜጋባይት ሜሞሪ አለው ተብሎ ተሸጠ፤ ለእያንዳንዱ ቺፕ የደረሰው ግን 32 ብቻ ነበር። ይባስ ብሎ ዊንዶውስ 2000 ሲመጣ ሥርዓቱ በአንድ የግራፊክስ ማስገቢያ ላይ ሁለት ቺፕ መቀበል ስላልቻለ ገዢው አንዱን ቺፕ ሥራ ፈት አድርጎ ለመጠቀም ተገደደ። የባለ ሁለት ቺፕ ካርድ ሁለት ቋሚ በሽታዎች፣ በማስታወቂያ ላይ ብቻ የሚታጠፈው ሜሞሪና በሶፍትዌር ፈቃድ የሚኖረው ሁለተኛ ቺፕ፣ ገና ከመጀመሪያው ካርድ ጀምሮ ይታዩ ነበር ማለት ነው።

በ2000 ቩዱ 5 5500 ሁለት ቺፕ ይዞ መጣ። ባለ አራት ቺፑ ቩዱ 5 6000 ደግሞ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኤንቪዲያ የስሪዲኤፍኤክስን ንብረት ሊገዛ መስማማቱ ተገለጸ። ይህን ውድቀት በብዙ ቺፕ ሐሳብ ላይ የሚጭኑ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ድርጅቱ ካርድ አምራች ገዝቶ ከቀድሞ ደንበኞቹ ጋር ተጣልቶ ነበር፣ ምርቱም ዘግይቶ ነበር። ሁለት ቺፕ ያበዛው ወጪ ጫና ጨመረበት እንጂ ብቻውን አልገደለውም።

የትንንሽ ቺፕ ስሌት

ሐሳቡ ከዚያ በኋላ ክብር ያገኘው በጉልበት ፉክክር ሳይሆን በፋብሪካ ሒሳብ ነው። ቺፕ የሚቆረጠው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ክብ የሲሊከን ገጽ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ጥቃቅን ጉድለቶች እዚህም እዚያም ይወድቃሉ። ቺፑ በሰፋ ቁጥር ጉድለት የማግኘቱ ዕድል ይጨምራል፣ ከአንዱ ገጽ የሚገኘው ደህና ቺፕም ይቀንሳል፣ የእያንዳንዱም ዋጋ ይወደዳል።

በሰኔ 2008 ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 280ን በ649 ዶላር አወጣ፤ ቺፑ 576 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር። ኤኤምዲ በዚያው ወር ራዲዮን ኤችዲ 4870ን በ299 ዶላር አቀረበ፤ የቺፑ ስፋት 256 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ። ኤንቪዲያ በሳምንታት ውስጥ ዋጋውን ወደ 499 ዶላር ለማውረድ ተገደደ። በነሐሴ ደግሞ ኤኤምዲ ሁለቱን ትንንሽ ቺፖች አጣምሮ ኤችዲ 4870 ኤክስ2ን በ549 ዶላር አወጣና በብዙ ጌሞች ትልቁን ቺፕ በለጠው። የኤኤምዲ ክርክር ግልጽ ነበር፤ መካከለኛ ቺፕ ሥራ፣ ለብዙኃኑ በአንድ ሽጥ፣ ለባለጸጋው ደግሞ ሁለቱን አጋጥመህ ስጥ። ኤንቪዲያ በጥር 2009 በራሱ ባለ ሁለት ቺፕ ካርድ፣ በጂቲኤክስ 295፣ መልስ ሰጠ። ስለዚህ ትልቅ ቺፕን የሚደግፈው ወገን ራሱ በተግባር ሁለቱንም ያደርግ ነበር።

ስሌቱን ያበላሸው ኃይል ነው። አንድ ካርድ ከማስገቢያውና ከሁለት ተጨማሪ ገመዶች በደንቡ መሳብ የሚችለው ኤሌክትሪክ የተወሰነ ነው። በመጋቢት 2011 የወጣውን ጂቲኤክስ 590 ብንመለከት፣ ቺፖቹ በጂቲኤክስ 580 ላይ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ነጠላው ካርድ 244 ዋት ይፈጅ ነበር፤ ሁለቱ ሲደመሩ 488 መሆን ነበረባቸው። ካርዱ የተፈቀደለት ግን 365 ዋት ስለነበር የቺፖቹ ፍጥነት ከ772 ወደ 607 ሜጋኸርትዝ ወረደ። ሁለት ነጠላ ካርድ የገዛ ሰው ከአንድ ባለ ሁለት ቺፕ ካርድ ገዢ የተሻለ ፍጥነት አገኘ ማለት ነው።

ኤኤምዲ በሚያዝያ 2014 በአር9 295ኤክስ2 ይህን ገደብ ጥሶ ሄደ። ካርዱ 500 ዋት የሚፈጅና በውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር፤ ከካርዱ ሁለት ቱቦ ወጥቶ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ግድግዳ ላይ ከሚታሰር የ12 ሴንቲ ሜትር ራዲያተር ጋር ይገናኛል። ሁለቱ የኃይል ገመዶቹ በደንቡ እያንዳንዳቸው 150 ዋት ይሸከማሉ፤ ከማስገቢያው 75 ዋት ጋር ድምሩ 375 ነው። ካርዱ ከዚያ በላይ ስለሚስብ ኤኤምዲ ራሱ እያንዳንዱ ገመድ 28 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር አሳሰበ። ዋጋው 1,499 ዶላር ነበር። ኤንቪዲያ ከሳምንታት በኋላ ባለ ሁለት ቺፑን ታይታን ዚ በ2,999 ዶላር አወጣ። ሁለት ባለ አንድ ቺፕ ታይታን ብላክ ካርድ ግን በ2,000 ዶላር ገደማ ይገኝ ነበር፣ ያውም ፈጥኖ የሚሠራ። የዚያን ዘመን የዋጋ ክርክር ይህ አንድ ቁጥር ዘግቶታል ብዬ አምናለሁ፤ በ2008 «ርካሽ» ተብሎ የተጀመረው ሐሳብ በ2014 የሀብታም መኩሪያ ሆኖ አረፈው።

መንገጫገጩ

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ እንምጣ። ለረጅም ጊዜ ካርድ የሚለካው በሰከንድ ውስጥ ስንት ፍሬም ያወጣል በሚል አማካይ ነበር። በዚህ ሚዛን ባለ ሁለት ቺፑ ያሸንፋል፤ ጥሩ ድጋፍ ባላቸው ጌሞች ሁለተኛው ቺፕ ከ70 እስከ 90 በመቶ ጭማሪ ያመጣ ነበር። ተጫዋቾች ግን «ቁጥሩ 60 ይላል፣ ዓይኔ ግን 60 አያይም» ማለታቸውን አላቆሙም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት በአማካይ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ አንድ ፍሬም ማለት ነው። ሁለቱ ቺፖች ሲፈራረቁ ግን አንዱ ፍሬም ከቀዳሚው በ5 ሚሊሰከንድ ተከትሎ፣ ቀጣዩ ደግሞ በ28 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። አማካዩ ያው 60 ነው። ዓይን የሚያስተውለው ግን የ28ቱን ክፍተት ነውና ስሜቱ በሰከንድ ወደ 36 ፍሬም ይወርዳል፤ መንገዱ ያምራል፣ መኪናው ግን ይንገጫገጫል።

ይህን ከስሜት ወደ ማስረጃ ያሸጋገረው በ2011 ስኮት ዋሰን በቴክ ሪፖርት ያወጣው ጽሑፍ ነው። አማካይን ትቶ የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ መለካት ጀመረ። በመጋቢት 2013 ደግሞ ኤንቪዲያ ኤፍካት የተባለ መሣሪያ አወጣ። በእያንዳንዱ ፍሬም ጠርዝ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ጭረት ይሳልበታል፣ ወደ ስክሪን የሚሄደው ምስል በሌላ ኮምፒውተር ይቀዳል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቀለም ስንት መስመር እንደያዘ ይቆጠራል። ውጤቱ ለኤኤምዲ አሳፋሪ ነበር። አንዳንዱ ፍሬም ስክሪኑ ላይ የታየው በጥቂት መስመሮች ብቻ ሆኖ ሳለ በሶፍትዌር ቆጠራ ግን እንደ ሙሉ ፍሬም ይመዘገብ ነበር።

መሣሪያውን የሠራው ተፎካካሪው ስለነበር የኤኤምዲ ደጋፊዎች ውጤቱን ተጠራጥረውት ነበር። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር፤ ግን ብዙ አልቆየም። ኤኤምዲ ችግሩን አምኖ ተቀበለና በነሐሴ 2013 የፍሬሞችን አመጣጥ የሚያስተካክል ድራይቨር አወጣ። ባለ ሁለት ቺፑ ኤችዲ 7990 ግን በሚያዝያ ገበያ ወጥቶ ነበርና ስሙ አስቀድሞ ተበላሽቷል። የኤንቪዲያው ጂቲኤክስ 690 በ2012 ሲወጣ ይህን ማስተካከያ በሃርድዌር ይዞ ስለመጣ ከዘመኑ ካርዶች ሁሉ የተሻለ ስም አለው። መንገጫገጭ የባለ ሁለት ቺፕ ተፈጥሮ ነው የሚለው ክስ እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው፤ በጥንቃቄ ከተሠራ ይቀንሳል።

የማይቀንሰው ሌላ ነገር ነው፣ ስለሱም ብዙ አይወራም፤ መዘግየቱ። አንድ ቺፕ አንድ ፍሬም ለመሥራት 33 ሚሊሰከንድ ቢፈጅበት፣ ሁለቱ ሲፈራረቁ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ፍሬም ይወጣል። እያንዳንዱ ፍሬም ግን አሁንም የ33 ሚሊሰከንድ ሥራ ነው። ማውዙን ስታንቀሳቅስ ምላሹ የሚመጣው ልክ እንደ ዝግተኛው ነጠላ ቺፕ ዘግይቶ ነው። ምስሉ ቢለሰልስም እጅ ፍጥነቱን አያገኝም። በተኩስ ጌም ይህ ልዩነት ማሸነፍና መሸነፍ ነው።

ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ መስጠት ይህን ይፈታ ነበር። ግን ከላይ ያለው ሰማይ ቀላል፣ ከታች ያለው ምድር ከባድ ነው፤ ሚዛኑ ይዛባል፣ የቅርጽ ስሌቱንም ሁለቱ ቺፖች እየደጋገሙ ይሠሩታል። ስለዚህ በቁጥር ረገድ የተሻለው መፈራረቁ ስለነበር እሱ ገነነ።

ማን ገደለው?

በዚህ ላይ ሦስት አቋሞች አሉ።

የመጀመሪያው ጥፋቱን በአምራቾቹ ላይ ያደርጋል። እያንዳንዱ ጌም በሁለት ቺፕ እንዲሠራ በድራይቨሩ ውስጥ የራሱ ማዋቀሪያ ያስፈልገው ነበር፤ ማዋቀሪያው ካልተዘጋጀ ሁለተኛው ቺፕ ይተኛል። አምራቾቹ ይህን ሥራ ተዉት። ኤንቪዲያ ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለነባር ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ማዋቀሪያ እንደማይሠራ አስታወቀ፤ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ደግሞ የማገናኛ ማስገቢያው ራሱ የለውም።

ሁለተኛው አቋም የጌም አሠራር ተለወጠ ይላል፤ ለእኔ የሚያሳምነኝም ይህ ነው። የዘመኑ ጌም አንዱን ፍሬም ሲሠራ ያለፈውን ፍሬም ይመለከታል። ብዙዎቹ ጠርዝ የሚያለሰልሱ ዘዴዎች፣ በ2020 የመጣው ሁለተኛው የኤንቪዲያ ዲኤልኤስኤስና አብዛኞቹ መሰሎቹ የቀደመውን ምስል ይፈልጋሉ። ያ ምስል ግን በሌላኛው ቺፕ ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ መሻገር አለበት። በአር9 295ኤክስ2 ላይ እያንዳንዱ ቺፕ ከራሱ ሜሞሪ ጋር በሰከንድ 320 ጊጋባይት ይነጋገር ነበር፤ ሁለቱ ቺፖች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ግን 16 ጊጋባይት ገደማ ነው። ሃያ እጥፍ የጠበበ ድልድይ። እየጠበቁ መሥራት ደግሞ በአንድ ቺፕ ከመሥራት ሊብስ ይችላል፤ ታይቷልም።

ሦስተኛው ወገን የጌም ሠሪዎችን ምርጫ ያነሣል። በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣው ዳይሬክትኤክስ 12 ሁለቱን ቺፖች በቀጥታ ለማዘዝ ሥልጣኑን ለጌም ሠሪው ሰጠ። አሽስ ኦፍ ዘ ሲንጉላሪቲ የተባለው ጌም የኤኤምዲና የኤንቪዲያን ካርድ በአንድ ላይ እስከማሠራት ደረሰ፤ ድንቅ ነገር ነበር። የተከተሉት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ምክንያቱም ፕሌይስቴሽን 4ና ኤክስቦክስ ዋን ባለ አንድ ቺፕ ናቸው፣ የብዙኃኑም ኮምፒውተር እንዲሁ፤ ለጥቂት ሺህ ባለጸጎች ብሎ ወራት የሚፈጅ ሥራ የሚሠራ ስቱዲዮ የለም። ይህ አቋም ከሁለተኛው ጋር አይጋጭም፤ ሥራው ባይከብድ ኖሮ የተጠቃሚው ማነስ ይህን ያህል ባልወሰነ ነበር።

አንድ ማነጻጸሪያ ክርክሩን ያጠራዋል። ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች፣ ኢቴሬም አሠራሩን በመስከረም 2022 እስኪቀይር ድረስ፣ ስድስትና ስምንት ካርድ በአንድ ማዘርቦርድ ላይ ደርድረው ያለ አንዳች መንገጫገጭ ይሠሩ ነበር። የእያንዳንዱ ቺፕ ስሌት የሌላውን ውጤት አይጠብቅምና። (በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተዋውለው አገራችን የገቡት የቢትኮይን አምራቾች የሚጠቀሙት ግን ግራፊክስ ካርድ ሳይሆን ለዚያ ብቻ የተሠራ ማሽን ነው፤ ሁለቱ ሲምታቱ ይሰማል።) ሁለት ቺፕ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ጥያቄ ስለዚህ መልስ የሚያገኘው ከቺፑ ሳይሆን ከሥራው ዓይነት ነው።

ሁለት ሆኖ አንድ

ዛሬ ያለው ክርክር ወደ አራተኛው ዓይነት ዞሯል። አፕል በመጋቢት 2022 ኤም1 አልትራን ሲያወጣ ሁለት ቁራጭ ቺፕ በሰከንድ 2.5 ቴራባይት በሚያስተላልፍ ማገናኛ አጋጠመ፤ ሶፍትዌሩ የሚያየው ግን አንድ ግራፊክስ ብቻ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራው የኤንቪዲያ ቢ200 በ2024 ሁለት ቁራጭ፣ 208 ቢሊዮን ትራንዚስተርና በሰከንድ 10 ቴራባይት የሚያሻግር ድልድይ ይዞ ተዋወቀ። ያ የ16 ጊጋባይት ድልድይ በስድስት መቶ እጥፍ ሰፍቷል። «ሁለት ቺፕ አሸነፈ» የሚሉት እነዚህን ይዘው ነው።

ለጌም ግን ገና ነው። ኤኤምዲ በታኅሣሥ 2022 ያወጣው አርኤክስ 7900 ኤክስቲኤክስ ሰባት ቁራጭ ሲሊከን ነበረው፤ ሆኖም ስሌቱን የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፣ ስድስቱ ለሜሞሪ መገናኛና ለጊዜያዊ ማከማቻ ናቸው። በመጋቢት 2025 የመጣው አርኤክስ 9070 ኤክስቲ ደግሞ ተመልሶ አንድ ቁራጭ ሆነ። በ2025 በ1,999 ዶላር የወጣው ባለ 575 ዋቱ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090ም አንድ ግዙፍ ቺፕ ነው፤ ወደ 750 ካሬ ሚሊ ሜትር። የኤም1 አልትራ ግራፊክስም ቢሆን በሙከራዎች ላይ ሁልጊዜ የነጠላውን እጥፍ አልሰጠም።

እዚህ ላይ መልስ ያላገኘው ጥያቄ አለ። የቺፕ ማተሚያ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሊያትም የሚችለው እስከ 858 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲሱ ትውልድ መሣሪያ ደግሞ ይህን ስፋት በግማሽ ይቀንሰዋል። ያ ከሆነ ግዙፍ የጌም ቺፕ መሥራት አይቻልም፣ ሁሉም ወደ ማጋጠም ይሄዳል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ፍሬም በ16 ሚሊሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበትና ትንሿ መዘግየት ለጌም ሁልጊዜ ትልቅ ናት ይላሉ። ከዚህ ጎን በ2025 አካባቢ ሎስለስ ስኬሊንግ በተባለ ፕሮግራም አንዱ ካርድ ጌሙን እንዲሠራ፣ ሌላው ተጨማሪ ፍሬም እንዲፈጥር የሚያደርጉ አፍቃሪዎች ተነሥተዋል። ሥራው ለሁለት ሲከፈል አንዱ ሌላውን ብዙም አይጠብቅም፤ የቀድሞዎቹ ያልሞከሩት ክፍፍል ነው። መዘግየቱ ግን አልጠፋም።

በደጋው ዓይን

አሁን ወደ መጀመሪያው የደጋ ገዢ እንመለስ፤ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በደባርቅ ከፍታ አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋን ደግሞ ሙቀትን የሚያወጣው በአየር ነው፤ በውሃ የሚቀዘቅዘውም ካርድ ውሃውን መልሶ የሚያቀዘቅዘው በፋን ነው። በባሕር ዳርቻ 30 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 80 ዲግሪ የሚደርስ ቺፕ ከአየሩ በ50 ዲግሪ ይበልጣል፤ በሳሳ አየር ያ ልዩነት 60 ወይም 65 ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን የደባርቅ ክፍል 16 ወይም 18 ዲግሪ ነውና ድምሩ ያው 80 አካባቢ ይሆናል። ብርዱ የነጠቀንን ይመልሳል ማለት ነው። ከፍታው ብቻውን ባለ ሁለት ቺፕ ካርድን አይከለክልም፤ መተማ በ40 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ከደባርቅ ይልቅ ያስቸግረዋል። ይህ ስሌት ግን ሁለቱም ቺፖች ንጹሕ አየር ያገኛሉ ብሎ ነው። አየሩን ከዳር እስከ ዳር በሚገፉ እንደ ኤችዲ 4870 ኤክስ2 ባሉ ካርዶች ሁለተኛው ቺፕ የሚያገኘው በመጀመሪያው የሞቀውን ነው፤ በሳሳ አየር ላይ አቧራ ሲጨመርበት መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው።

መብራቱስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ስለዚህ 500 ዋት ካርድ ለቤቱ መስመር ብርቅ አይደለም። ችግሩ ዩፒኤሱ ላይ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ከ390 ዋት በላይ አይሸከምም፤ አር9 295ኤክስ2 ያለበት ኮምፒውተር ሙሉ ሥራ ላይ ከ600 ዋት በላይ ይፈልጋል። መብራት በጠፋባት ቅጽበት ዩፒኤሱ አብሮ ይጠፋል። ከውጭ የሚገቡት ያገለገሉ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ240 እስከ 290 ዋት ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም ብዙዎቹ የላቸውም።

ኢንተርኔቱ ሌላ ነው። ባለ ሁለት ቺፕ ካርድ ለየጌሙ አዲስ ድራይቨር የሚጠብቅ ዕቃ ነበር፤ የአንዱ ድራይቨር መጠን በመቶዎች ሜጋባይት ይቆጠራል። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦበት በነበረ ክልል እንዲህ ያለ ጥገኝነት ቀላል አይደለም። አሁን ደግሞ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ኤኤምዲ የኤችዲ 5000ና 6000 ካርዶችን ድጋፍ በ2015፣ የ7000ንና የአር9 200ን በ2021 አቁሟል። ኤንቪዲያ የጂቲኤክስ 590ን ትውልድ በ2018፣ የ690ንና የታይታን ዚን ትውልድ በ2021 ከመደበኛ ድራይቨር አውጥቷል።

ሚዛኑን ለማሳየት ሁለት ካርድ ብቻ ላነጻጽር። በ2011 በ699 ዶላር የወጣው ኤችዲ 6990 በወረቀት ላይ ያለው የስሌት ጉልበት በ2016 በ139 ዶላር ከወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በእጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን 375 ዋት ይፈጃል፣ 4 ጂቢ የተባለው ሜሞሪው ለአንድ ጌም 2 ጂቢ ብቻ ነው፣ ዳይሬክትኤክስ 12 የሚጠይቅ ጌም ጨርሶ አይከፍትም። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጂቢው እውነተኛ 4 ጂቢ ነው፤ የሚፈጀው 75 ዋት ስለሆነም ብዙዎቹ ሞዴሎቹ ከማስገቢያው በሚያገኙት ኃይል ብቻ ይሠራሉ። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጂቢ አርቲኤክስ 3050ም 70 ዋት ብቻ ይበቃዋል። ሐምሌ 2024 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ማለፉን ላየ ገዢ፣ ከካርዱ ዋጋ በላይ ፓወር ሰፕላይና ዩፒኤስ የሚያስለውጥ ዕቃ ርካሽ አይደለም።

ስለዚህ በቴክኖሎጂው ክርክር ሁለት ቁራጭ እንደ አንድ የሚሠራበት የጌም ካርድ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፤ በገበያው ጥያቄ ግን ጥርጣሬ የለኝም። ሻጭ «8 ጂቢ፣ ባለ ሁለት ቺፕ» ቢልዎ 4 ጂቢ ብለው ይያዙ፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋትና የካርዱ ድራይቨር የቆመበትን ዓመት ጠይቀው ያረጋግጡ፣ ከዚያም ባለ አንድ ቺፑን ይግዙ።